በሱስ ማገገሚያ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች «አማካሪ» ለመባል ምን ያህል ሥልጠና፣ የማንስ ዕውቅና ያስፈልገናል?

ጥያቄ፦ አማካሪዋ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የግል የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በቢሮዬ በር ላይ «የሱስ አማካሪ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ይህን ስም ያገኘሁት ሥራ በጀመርኩበት ወር የአምስት ቀን ሥልጠና ወስጄ ሰርተፍኬት ስለተሰጠኝ ነው። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ስለ ሱስ የተማርኩት በአንድ ኮርስ ውስጥ የነበረችውን አንዲት ምዕራፍ ብቻ ነው።

ለመጠየቅ ያነሣሣኝን ነገር ልንገራችሁ፤ ሰውየው እንዳይለይ አንዳንዱን ለውጬዋለሁ። በአንድ የጥቅምት ወር ማክሰኞ ማታ፣ ዕድሜው አርባ የሚጠጋ ገበሬ ከደነባ አካባቢ በወንድሞቹ ታጅቦ መጣ። ከአሥር ዓመት በላይ ጠዋት አፉን የሚያሟሸው በአረቄ ነበር፤ የመጨረሻዋን መለኪያ የጠጣውም የዚያኑ ዕለት ንጋት ላይ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሳገኘው የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ከአፉ ማድረስ ስላቃተው ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ይፈስ ነበር። በዚያ ብርድ ሸሚዙ በላብ ርሶ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። እኔ በፋይሉ ላይ «ከፍተኛ ጭንቀት ይታይበታል» ብዬ ጻፍኩ፤ ረጋ ብሎ መተንፈስ አለማመድኩት፤ ስለ ልጆቹ አጫወተኝ፤ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሰውነቱ ተገትሮ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ምላሱን ነክሶ አፉ በደም ተሞላ። ጥበቃውና ወንድሙ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል።

ከዚያ ወዲህ በሬ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይከብዳል። የሙያ ፈቃድ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፤ በዚህ ስም የተመዘገበ የሙያ ዘርፍ እንደሌላቸው ነግረው መለሱኝ። ከቢሮው ስወጣ ያሰብኩት የእኔን መመለስ ሳይሆን የታካሚውን ነገር ነው፤ ማንም ሰው የአምስት ቀን ሰርተፍኬት ይዞ በዚህ ስም ቢቀመጥ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም ማለት ነው። ስለዚህ በሙያው ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። አንደኛው፣ አንድ የሱስ አማካሪ ታካሚ ፊት ከመቀመጡ በፊት በትንሹ ምን ማወቅና ማድረግ መቻል አለበት? ሁለተኛው፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ሆኜ ዕውቅና ያለው ሥልጠና የማገኝበትና ብቃቴ የሚመዘንበት መንገድ የትኛው ነው?

ምላሽ 1፦ የሳይካትሪ ነርስ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በአደባባይ ማንሣትዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አብዛኞቻችን እንዲህ ያለውን ሌሊት ደብቀን ነው የምንኖረው። የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልመልስ፤ ሁለተኛውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይመልስልዎታል።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ አልኮል የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል። ሰውነትን የሚያንዘፈዝፈው የሚጥል ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ሰውየው ያለበትን ቦታና ጊዜ የሚስትበት፣ የሌለ ነገር የሚያይበትና ካልታከመ ሊገድል የሚችለው መቃዠት ደግሞ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ይከሰታል። የእርስዎ ታካሚ ረቡዕ ጠዋት ያሳየው ምልክት በሙሉ የዚህ መንገድ መጀመሪያ ነበር። ጭንቀትም ይህን ይመስላል፤ የሚለያቸው ግን «ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣኸው በስንት ሰዓት ነው? ከዚህ በፊት ስታቆም ጥሎህ ያውቃል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። መንቀጥቀጡንና የሚጥለውን የሚያስታግሰውን ዲያዚፓም የተባለ መድኃኒት ማዘዝ የእርስዎ ድርሻ አይደለም፤ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጠይቆ፣ መልሱን ጽፎ፣ በዚያው ሰዓት ሰውየውን ወደ ሕክምና መላክ ግን የማንኛውም አማካሪ ግዴታ መሆን አለበት። ይህን ያላስተማረ ሥልጠና አምስት ቀንም ሆነ አምስት ወር ቢፈጅ የሱስ ምክር ሥልጠና ሊባል አይገባውም እላለሁ።

ሌላም አለ። ብዙ የጠጣና ምግብ የተወ ሰው ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል። ደከመ ተብሎ ታያሚን ሳይሰጠው ጉሉኮስ ብቻ ቢሰቀልለት አንጎሉ ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። አማካሪው መርፌ አይወጋም፤ ነገር ግን ቤተሰብ «በሰፈር ክሊኒክ ጉሉኮስ እናሰቅልለት» ሲል ምን ብሎ እንደሚመክር ማወቅ አለበት።

ስለ መለያ መጠይቆችም አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ 10 ጥያቄዎች ያሉት የአልኮል መለያ መጠይቅ በብዙ ሥልጠና ላይ ይታደላል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘ ሰው አሳሳቢ አጠጣጥ እንዳለው ይቆጠራል። መጠይቁ «በአንድ ቀን ስንት መጠጥ ትጠጣለህ?» ሲል አንድ መጠጥ የሚለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮልን ነው። በእኛ አገር ግን አረቄ የሚቆጠረው በመለኪያ ነው። አንድ ቀን ከአንዲት አረቄ ሻጭ መለኪያ ተውሼ በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውኃ እየቀዳሁ ብሞላው አራት ሙሉና አንድ ግማሽ ያዘ፤ 45 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ዳግም አረቄ 45 ከመቶ ገደማ አልኮል ስለሚኖረው፣ ለ10 ግራም የሚበቃው 28 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «ሦስት መለኪያ ብቻ ነው የምጠጣው» ያለን ሰው በመጠይቁ አቆጣጠር አምስት መጠጥ ገደማ ጠጥቷል ማለት ነው። ይህን ሳይቀይር ነጥብ የሚደምር አማካሪ ሕመምተኛውን ጤነኛ ብሎ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። ከውጭ የመጣ የሥልጠና ሰነድ በመለኪያ፣ በጣሳና በጫት እስር እንደገና ካልተጻፈ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚጎድለው ብዙ ነው።

ምላሽ 2፦ ከመንዝ

እኔ ዲግሪ የለኝም። አረቄ ከተውኩ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል፤ አሁን ሰላ ድንጋይ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ለመጠመቅ የሚመጡ ጠጪዎችን እያስተናገድኩ፣ ሲመለሱም በየቤታቸው እየዞርኩ የምጠይቅ ሰው ነኝ። የነርሷን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ አገር ሰው አረቄን የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ በንስሐ አባቱ ተገዝቶ ወይም ተስሎ፣ በአንድ ቀን ቆርጦ ነው። ከዚያ ባዶ ሆዱን፣ እየጾመ፣ በሌሊት ብርድ ጠበል ይገባል። በሦስተኛው ቀን መለፍለፍና ከሌለ ሰው ጋር መነጋገር ሲጀምር ዙሪያውን ያለነው ሁላችን ርኩስ መንፈስ የጮኸ አድርገን እንወስደው ነበር። አሁን ሳስበው ከእነዚያ ሰዎች ስንቱ ጠበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱንም ቢወስድ ኖሮ ሳይጎዳ ይመለስ እንደነበር እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። የእምነቱም የሕክምናውም ቦታ እንደማይጋጭ ለአገልጋዮቹ በአክብሮት የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገናል።

ይሁን እንጂ አንድ ሥጋት አለኝ። ነገ «የሱስ አማካሪ ማለት ዲግሪ ያለው ብቻ ነው» የሚል ሕግ ቢወጣ እንደ እኔ ያለው ሰው በአንድ ጀምበር ሕገ ወጥ ሊሆን ነው። ሐራራው በተነሣበት ሰው አጠገብ ሌሊቱን ተቀምጦ የሚያድር ዲግሪ የያዘ ሰው እስከ ዛሬ በቀበሌያችን አላየሁም። ጠጪ ሰው የሚያምነው ከዚያው ጉድጓድ የወጣን ሰው ነው፤ እኔ ስነግረው ዓይኔን እያየ ያዳምጠኛል።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ መተዋወቁ ብቻ አይበቃም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የ19 ዓመት ልጅ ስድስት ወር ሙሉ ትቶ ቆይቶ አገረሸበት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተገዝቼ በዚያው ስለጸናሁ፣ የማውቀውም መንገድ ያ ብቻ ስለነበር «ቃል ኪዳንህን ያፈረስክ እምነት ስለጎደለህ ነው» አልኩት። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እኔ አልመጣም። በኋላ እንደሰማሁት ያገረሸበት የጽዋ ማኅበራቸው ተራ እቤታቸው ደርሶ፣ ጠላውን ሲቀዳ ውሎ ነው። ያን ቀን ምን ያድርግ፣ ማን ይተካው፣ ከእናቱ ጋር እንዴት ይነጋገር ብዬ አስቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ። የኔ ታሪክ ለእኔ እንጂ ለእሱ መድኃኒት አልነበረም። ስለዚህ እኔም መማር እፈልጋለሁ፤ የምጠይቀው ለእኔ የሚሆን በር እንዲኖር ነው።

ምላሽ 3፦ በጤና ሥልጠና ላይ የቆየ

የሁለተኛውን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት እኛ አገር በአንድ ላይ የሚደባለቁ ሦስት ወረቀቶችን መለየት ያስፈልጋል። የሥልጠና ሰርተፍኬት የሚመሰክረው ሰውየው ሥልጠናው ላይ መገኘቱን ነው። በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ደግሞ አስቀድሞ በተጻፈ የሙያ ደረጃ ላይ ተመሥርቶ ሰውየው ሥራውን መሥራት መቻሉን ይፈትሻል፤ የሙያ ደረጃው ካልተጻፈ ምዘናውም አይኖርም። የሙያ ፈቃድ ከሁለቱም ይለያል፤ ባለ ፈቃዱ የሚሠራውን ሥራ ወሰን የሚያስቀምጥ፣ ሲያጠፋም የሚጠየቅበትና የሚነጠቅ ነው። በጤናው ዘርፍ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት አገር አቀፍ ፈተና እንዲወስዱ የተደረገው ዲግሪ ብቻውን ብቃትን ስለማያረጋግጥ ነው። እህታችን በእጅዎ ያለው የመጀመሪያው ወረቀት ብቻ ነው፤ በርዎ ላይ የተለጠፈው ስም ግን ሦስተኛውን ወረቀት የያዙ ያስመስላል። ቅር ያለዎትም በዚህ ይመስለኛል።

በሌላው ዓለም መንገዱ በአንድ ጊዜ አልተጠረገም። በአሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ የመንግሥት ሰነድ የሱስ አማካሪን ሥራ በ8 ዘርፎች ከፍሎ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ምክር መስጠት ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው፤ ታካሚን መመርመርና ማቀድ፣ ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ፣ መዝገብ መያዝና የሙያ ሥነ ምግባር በእኩል ደረጃ ተቀምጠዋል። በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት አንድ የብቃት ማረጋገጫ ለረጅም ዘመን ዲግሪ ለሌለው አመልካች ሲጠይቅ የኖረው 300 ሰዓት ትምህርትና 6,000 ሰዓት በባለሙያ ክትትል የተሠራ ሥራ ነው፤ የሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ማለት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው የሥራው ሰዓት ወደ 4,000 ይወርድ ነበር። ከመንዝ የጻፉልን ወንድማችን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ ዲግሪ የሌለውን ሰው በሩን አልዘጋበትም፤ በባለሙያ ዓይን ሥር ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሠራ ነው የጠየቀው። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. አማካሪዎችንና ሳይኮሎጂስቶችን የሚመዘግብ ሕግ አውጥታለች።

ለእኛ ቀረብ ያለው የኮሎምቦ ፕላን የተባለው የእስያና የፓስፊክ አገሮች የትብብር ድርጅት ያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሱስ ሕክምና ሥርዓተ ትምህርት ነው። መሠረታዊው ደረጃ 8 ኮርሶች አሉት፤ ሱስ አንጎልንና ሰውነትን እንዴት እንደሚለውጥ፣ አብረው የሚከሰቱ የአእምሮ ሕመሞች፣ መሠረታዊ የምክር ክህሎት፣ ቅበላና ምዘና፣ የጉዳይ ክትትል፣ ድንገተኛ ቀውስን መምራትና ሥነ ምግባር በውስጡ ይገኛሉ። ከዚያ ተያይዞ የሱስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ፈተና አለ፤ ሦስት እርከኖች አሉት። ይህ ፈተና የኢትዮጵያን የሙያ ፈቃድ አይተካም፤ ነገር ግን በየትኛውም ቦታ ስለ እውቀትዎ ይመሰክራል። እስከዚያው የሳይኮሎጂ ዲግሪዎን ወደ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወይም ወደ አእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ማሳደግ ዕውቅና ወዳለው ፈቃድ የሚያደርስ የታወቀ መንገድ ነው።

አዲስ ሙያ በአገራችን ዕውቅና ሊያገኝ አይችልም የሚሉ ሰዎች የሳይካትሪ ነርስን ታሪክ ቢያስታውሱ መልካም ነው። አገሪቱ የነበሯት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት በሚቆጠሩበት በ1987 እ.ኤ.አ. በአማኑኤል ሆስፒታል የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። ሠልጣኞቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመድበው ሥራውን አሳዩ፤ ዛሬ ሳይካትሪ ነርስ የሚለው ስም የራሱ ትምህርትና የራሱ ፈቃድ ያለው ነው። ሥልጠናው ወጥ ነበር፣ የሚሠሩበት ቦታ የታወቀ ነበር፣ የሚልኩበትም ሆስፒታል ነበረ። የሱስ አማካሪም ከዚህ ያነሰ አያስፈልገውም።

ምላሽ 4፦ አማካሪዋ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነርሷን ሁለት ጥያቄዎች በትልቁ ጽፌ በቅበላ ቅጻችን የመጀመሪያ መስመር ላይ አስገብቻቸዋለሁ። የማዕከሉን ኃላፊም አነጋግሬ፣ አልኮል በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጀመሪያ ሆስፒታል ታይቶ ካልሆነ በስተቀር አልጋ እንዳይሰጠው ተስማምተናል። ለመስማማት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል፤ አልጋ ባዶ ማደሩ ለማዕከሉ ገንዘብ መሆኑን አልክድም።

አሠልጣኙ ስለጠቀሱት ክትትል ግን ልጠይቅ። ኮርሱን ከኢንተርኔት ላነብ፣ ፈተናውንም ልፈተን እችል ይሆናል፤ በምክር ሰዓት የምሠራውን አይቶ «እዚህ ላይ ተሳስተሻል» የሚለኝ ሰው ግን በማዕከላችን የለም። ሌላው የሚያስቸግረኝ የከተማችን መጥበብ ነው። ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ታካሚዎቼ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ተነሥቶ «ሐኪሜ» ብሎ ሲስመኝ አጠገቡ የነበሩት አማቶቹ የትኛዋ ሐኪም እንደሆንኩ መጠየቅ ጀመሩ። የሥነ ምግባር መመሪያ ከታካሚ ጋር ሌላ ግንኙነት አይኑርህ ይላል፤ የክርስትና ልጁ፣ የዕድሩ አባል ወይም የእናቱ ጎረቤት የሆነ አማካሪ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ያድርግ?

ምላሽ 5፦ የሳይካትሪ ነርስ

ለቅሶው ላይ የሚደረገው በቢሮ ነው የሚሠራው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ታካሚ «መንገድ ላይ ብንገናኝ አንተ ካልቀደምከኝ ሰላም አልልህም፤ ከሰላምታ በላይም አላወራህም፤ ይህን የማደርገው ስለማከብርህ ነው» እላለሁ፤ ፋይሉ ላይም እንዲህ ማለቴን እጽፋለሁ። የዕድር ወይም የክርስትና ዝምድና ካለን ግን ለሌላ ባለሙያ አስተላልፋለሁ፤ ሌላ ባለሙያ ከሌለ ደግሞ ጉዳዩን ስሙን ሳልጠቅስ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በየወሩ እመክርበታለሁ።

በአንድ ነገር ከአሠልጣኙ እለያለሁ። የጽሑፍ ፈተና ማለፍ እውቀትን ያሳያል፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ዓይን ምን እንደሚያይ ግን አያሳይም። ክትትሉ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። እዚህ ከተማ የምንሠራ ሁለት የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እንገናኛለን፤ እርስዎም ይምጡ። የታካሚው ስምና ቀበሌ ሳይጠቀስ አንድ ጉዳይ ይቀርባል፤ ከዚያ አንዳችን ታካሚ፣ አንዳችን አማካሪ ሆነን ንግግሩን እንደገና እንሠራዋለን። የተገናኘንበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ጽፈን እንፈርማለን፤ አንድ ቀን ሙያው ሲመዘገብ «በክትትል ሥር ስንት ሰዓት ሠርተሃል?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለመጀመሪያው ቀን ያንን የረቡዕ ጠዋት ማስታወሻ ይዘው ይምጡ፤ «ከፍተኛ ጭንቀት ይታይበታል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አብረን እንደገና እንጽፈዋለን።

ምላሽ 6፦ ከመንዝ

ፈቃዳችሁ ከሆነ እኔም እመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ብታደርጉት ከመሐል ሜዳ በጠዋት ተሳፍሬ እደርሳለሁ። የዚያን ልጅ ጉዳይ ይዤ ነው የምመጣው።